ከማዶ የበራው አምፖል

ጀነሬተሩ ከቶጎጫሌ የመጣው በሩዝ ጆንያ ተከቦ፣ ላዩ ላይ ሰሌን ተጥሎበት ነው። የጭነት መኪናው ግቢያችን በር ላይ ሲቆም እኔ በረንዳው ላይ ምስር እለቅማለሁ። ወንዶቹ ተጋግዘው ሲያወርዱት ሰሌኑ ተንሸራተተና አረንጓዴ ብረት ብቅ አለ። አማተብኩና ሰፌዴን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያላየሁትን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነው። በዚያ ዘመን ከድንበሩ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚመጣ ዕቃ አብዛኛው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለው ዕቃ ደግሞ ሲያዝ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተገኘውንም ይዞ ይሄዳል።

እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች ነን። ባለቤቴ የመብራት መሥሪያ ቤት የመስመር ሠራተኛ ነበር። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ የጅጅጋን መስመር የሚጠግን ሰው ሲፈለግ እሱን አዛወሩት፤ እኔም ተከትዬው መጥቼ አንደኛ ደረጃ ማስተማር ጀመርኩ። ባለቤቴ «የዚህ አገር ሰው ደግ ነው» ይላል። እኔ ደግነቱን አልክድም፤ ግን በሬን ቆልፌ ነው የማደንቀው። ዘመድ በሌለበት አገር ሴት ልጅ ዓይኗን ካልከፈተች ማን ይከፍትላታል?

የምንከራየው ሁለት ክፍል የአንዲት ነጋዴ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ ሱቅ ውስጥ ሆነው ሲናገሩ ጓዳ ድረስ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ኤዶ» ነው የሚላቸው፤ በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። እኛም ኤዶ አልናቸው። ከመንገዱ ማዶ ታናሽ እህታቸው ትኖራለች፤ አልጋ የያዙትን ሽማግሌ አባታቸውን የምታስታምመው እሷ ናት። መንገዱ እዚያው ነው የሚያልቀው። ከማዕዘኑ የመብራት ምሰሶ ወዲህ የኤዶ ግቢ፣ የእህታቸው ቤትና አንድ የተዘጋ መጋዘን ብቻ ነው ያለው።

ጀነሬተሩን ያመጣው ነፋስ ነው ማለት ይቻላል። ክረምቱ ሲገባ ከካራማራ ተራራ በኩል የተነሣ ነፋስ ከማዕዘኑ ምሰሶ ወደ እኛ የሚመጣውን ሽቦ በጠሰው፤ የእኛ በኩል ጫፍ እዚያው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከተማው ሲበራ የእኛ ጫፍ ጨለመ። መሥሪያ ቤቱ «ሽቦ የለም፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ» አለ። ኤዶ ሱቃቸው ውስጥ ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ ነበራቸውና ባለቤቴን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይጠብቁት ጀመር።

«አንተ የመብራት ሰው እኔ ቤት ትተኛለህ፣ እኔ ቤት ግን መብራት የለም። ዳቦ ጋጋሪ ቤት ሰው ተርቦ አይተሃል?»

«ኤዶ፣ ሽቦው አልመጣም እኮ።»

«በእግሩ ነው የሚመጣው?»

«በእግሩ ቢሆንማ ደርሶ ነበር።»

እሳቸው ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ከዓይናቸው አልደረሰም። ሽቦውን መንግሥት ሆን ብሎ የከለከላቸው ይመስላቸው እንደነበር ኋላ ነው ያወቅሁት። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ያ አረንጓዴ ብረት ግቢያችን የገባው። የፍየል በረት የነበረችው ቆርቆሮ ቤት ተጠርጋ ጀነሬተሩ እዚያ ተቀመጠ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ከኤዶ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ከድሬዳዋ አንድ መካኒክ መጣ። ጥርሱ ላይ ወርቅ ያለው፣ አማርኛውንም ሶማልኛውንም አንድ ላይ የሚጠቀልል ፈጣን ሰው ነው። እስከዚያን ጊዜ የቤቱ መብራት ማከፋፈያ አንድ ጣውላ ብቻ ነበር። ከመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ውጪ፣ በረንዳው ላይ፣ ከቆጣሪው ሥር የተቸነከረ ሆኖ ሁለት ነጭ የሸክላ ቫልቮላዎች አሉበት። መካኒኩ ያንን ነቅሎ ግራጫ የብረት ሳጥን ሰቀለ። ከሳጥኑ ጎን ቀይ እጀታ አለው፤ ወደ ላይ ሲገፋ የከተማው መብራት፣ ወደ ታች ሲሳብ የሞተሩ።

ባለቤቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት ቆሞ አስጠነቀቀው። «ዋናው ነገር የከተማውና የሞተሩ መቼም እንዳይገናኙ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ወጥቶ መሆን አለበት።»

«አማትና ምራት ናቸው በለኛ!» አለ መካኒኩ። «አንድ ጓዳ አላስገባቸውም፣ ወላሂ።»

ባለቤቴ እየሳቀ ሄደ። እኔ አልሳቅሁም። ቶሎ የሚምል ሰው አልወድም።

ትምህርት ቤት ለክረምት ስለተዘጋ ቀኑን በሙሉ ቤት ነበርኩ። መካኒኩ ወደ እኔ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሠራው። ልብስ ላሰጣ ብዬ ስወጣ የሳጥኑን ክዳን ገርበብ ያደርጋል፤ ስገባ ይከፍታል። ደግሜ ወጣሁ።

«ምን ታያለሽ እትዬ?»

«ልብሴን ነው የማሰጣው።»

«ልብሱ እኮ ደርቋል።»

ያልደረቀ መሆኑን ለማሳየት አንዱን ሸሚዝ ጨመቅሁት። ጠብ አላለም። እሱም ሳቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ኤዶ ከሱቅ መጥተው አጠገቡ ቆሙና በሶማልኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋግሩት ጀመር። የእኔ ሶማልኛ ከሰልና ሽንኩርት ለመግዛት ከሚበቃው አያልፍም፤ ካሉት ውስጥ «እህቴ» የሚለውን ብቻ ያዝኩ። መካኒኩ ራሱን እየነቀነቀ «አይሆንም» የሚል መሰለኝ። ኤዶ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀና ከሳጥኑ ጀርባ ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። ክፍሌ ውስጥ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ተንቀጠቀጠ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሞተሩ ተነሣ። ኤዶ ደግ ናቸውና ለእኛም ክፍሎች መብራት ለቀቁልን። ባለቤቴ ደስ ብሎት ሬዲዮኑን እየጠራረገ ያዳምጣል። እኔ ግን ዳዊቴን በዚያ ብርሃን አልደገምኩም፤ ጧፍ ለኮስኩ።

«አምፖል እያለ?» አለኝ።

«ጧፌን ማንም መጥቶ አይወርሰውም።»

ከማዶ ያለውን መስኮት ያየሁት ጧፉን ይዤ መጋረጃ ስዘጋ ነው። የእህትየው መስኮት በርቷል። የፋኖስ ብርሃን አይደለም፤ ፋኖስ ይወዛወዛል፣ ይሄ ግን ጸጥ ብሎ የቆመ ብርሃን ነው። እዚያ ቤት የሞተር ድምፅ የለም። ቆሜ አየሁ። የኤዶ ሞተር ሳል እንደያዘው ሰው ድንገት ከፍ ዝቅ ሲል የማዶው መስኮትም ደመቅ ደብዘዝ አለ። ኤዶ ሞተሩን ሲያጠፉ እኩል ጠፋ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ነበር።

«የላምባ ማሾ ይሆናል» አለ።

«ማሾ ከኤዶ ሞተር ጋር እኩል ይጠፋል?»

«ገመድ በመንገዱ ላይ አልተዘረጋም። በየት በኩል ይሻገራል?»

«እሱን ነው እኔ የምጠይቅህ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው መስኮት እያዩ መቆም ጾም ያስፈታል» አለኝ።

«ኤዶን ጠይቃቸው።»

«ብጠይቃቸው ባለቤትሽ ነኝ ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ሰው? ከጠየቅሁና ካወቅሁ ማመልከት አለብኝ። ካመለከትኩ ሞተሩ ይወረሳል። ሞተሩ ከተወረሰ ነገ ዕቃችን መንገድ ላይ ነው። ተኚ።»

እውነቱን ነው። ግን እኔ የፈራሁት ሞተሩ መወረሱን አልነበረም። ባለቤቴ እጁን የሚያስገባው ሽቦ ውስጥ ነው። ያልታወቀ መንገድ የሚሄድ መብራት ባለበት ሰፈር ምሰሶ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ይህንን ልነግረው ፈለግሁ፤ ሥራውን ላስተምረው የቃጣሁ እንዳይመስልብኝ ተውኩት።

በማግሥቱ እህትየውን ቦኖ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። ዕድሜዋ ከእኔ አይርቅም፤ እኩያ ነን።

«ማታ ቤትሽ እንዴት ያምራል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ማሾ ገዛችሁ እንዴ?»

«አባዬ ጨለማ አይወድም» አለችና ሻሿን አስተካክላ ጀሪካኗን አነሣች። ጀሪካኑ ገና አልሞላም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቷ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ፤ በጠርዙ በኩል ግን ያው ብርሃን መስመር ሠርቶ ይታየኛል። እነሱ ሲደብቁ እኔ አያለሁ፤ እኔ ሳይ እነሱ ይደብቃሉ። ኤዶ ሰላምታቸው አጠረ። ፍሪጃቸው ውስጥ ቂቤዬን እንዳስቀምጥ ይለምኑኝ የነበሩት ሴት አሁን ሱቅ ስሄድ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ወደ ሌላ ደንበኛ ይዞራሉ።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ አፌ ደርቆ፣ ወደ ቤት ስመለስ ማዕዘኑ ምሰሶ ላይ መሰላል ቆሟል። ባለቤቴ የተጠቀለለ አዲስ ሽቦ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። የሥራ ጓደኛው መሰላሉን ከሥር ይዟል። ሽቦው በመጨረሻ መጥቷል ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጆሮዬ ወደ ግቢያችን ሄደ። ሞተሩ ይንደቀደቃል። ኤዶ ለፍሪጃቸው ብለው ከጠዋት ጀምሮ አስነሥተውት ነበር።

ጠጋ አልኩት። «ሞተሩ እየሠራ ነው።»

«ይሥራ። ከተማውን አዘግቼዋለሁ፣ ደውለው አረጋግጠውልኛል። የእኛ ጫፍ ደግሞ ከነፋሱ ጀምሮ የሞተ ነው።»

«መሞቱን በምን አወቅህ?»

ጓደኛው ፈገግ አለ። ባለቤቴ አፈረ። «ሳጥኑን እኔው አይቼዋለሁ። እጀታው ወደ ታች ከሆነ ሞተሩ ከቤት አይወጣም። መካኒኩ ምሎልኛል። ሂጂ አሁን፣ እህል ቅመሺ።»

እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ።

ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ኤዶ ለአንድ ሰው ስኳር ይመዝናሉ። «ኤዶ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያጥፉልኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ባለቤቴ ምሰሶ ላይ እየወጣ ነው።»

«እጀታው ወደ ታች ነው። እሱ ራሱ እንዲህ አድርጉ ያለውን ነው ያደረግነው።» ሚዛኑን አስቀመጡ። «ወይስ መሥሪያ ቤቱ ነው የላከሽ? ሞተሬን አጥፍቼ በሩን ስከፍት ቆመው ሊያዩ ነው?»

ደንበኛው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ክርክር ውስጥ ከገባሁ ጊዜ አይኖረኝም። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፤ እንደሌባ ታግዬ አልነጥቃቸው። ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ።

የእህትየው በር ክፍት ነበር። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ሽማግሌው ጥግ አልጋቸው ላይ ተኝተዋል፤ ቤቱ በወፍራሙ መጋረጃ የተነሣ ጨልሟል። እህትየው ከጓዳ ብቅ ስትል እኔ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ማብሪያውን አገኘሁትና ተጫንኩት። አምፖሉ ቦግ አለ።

«ምነው?» አለች።

በሩ ላይ ወጥቼ ባለቤቴን በስሙ ጠራሁት። ከተጋባን ጀምሮ መንገድ ላይ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ተንጠለጠለው ሽቦ እጁን ዘርግቷል። እጁ እንደተዘረጋ አንገቱን አዞረ።

«ውረድና ይህን እይ» አልኩት።

ጓደኛው ከሥር «ምሳ ደርሷል መሰለኝ» አለ።

ባለቤቴ ፊቱ ተቆጥቶ ወረደ። መንገዱን ሲሻገር ምን ሊለኝ እንደተዘጋጀ ከአረማመዱ አውቄዋለሁ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። አምፖሉን አየ። ማብሪያውን አጠፋ፤ አበራ። ወደ መንገዱ ዞሮ ከዚያ ቤት ጣሪያ ተነሥቶ እስከ ማዕዘኑ የሚሄደውን፣ የሞተ ያለውን ሽቦ በዓይኑ ተከተለው። ላቡን በእጅጌው ጠረገና የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየው።

«ማነው ያገናኘልሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

እህትየው ቀጥ ብላ ቆመች። «እህቴ ናት የሰጠችኝ። ሰርቄ አይደለም።»

ኤዶ ከኋላዬ ተከትለውኝ መጥተው ኖሮ እነሆ በሩ ላይ ናቸው። ባለቤቴ ቁልፉን አልጠየቃቸውም፤ «ኤዶ፣ መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉ» ብቻ አላቸው። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም መሰለኝ፣ ሄደው አጠፉት። አምፖሉ ጠፋ። ሽማግሌው ከአልጋቸው በሶማልኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

ባለቤቴ ሳጥኑን በረንዳችን ላይ ከፈተ። እጀታው በደንብ ይሠራል። ግን ከሳጥኑ ጀርባ፣ መካኒኩ በበሳው ቀዳዳ በኩል፣ አንድ አጭር ጥቁር ሽቦ የቤቱን መስመር ከውጪው መስመር ጋር አገናኝቷል። ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ እጀታውን ትቶ በዚያ ይዞራል፤ ወደ መንገዱ ሽቦ ይወጣል፤ በመንግሥት ሽቦ ላይ ሄዶ የእህትየው ቤት ይገባል። ጫፉ ከከተማው ተበጥሶ ስለነበር የሚጠጣው ሌላ ቤት የለም፤ ለዚያ ነው ትንሿ ሞተር የቻለችው።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ ኤዶ። «መካኒኩ አይሆንም ብሎኝ ነበር። መስመሩ ተበጥሷል፣ ማን ይነካዋል አልኩት። እኔ መብራት ለብሼ እህቴና አባቴ ከመንገዱ ማዶ ጨለማ ይደሩ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለምን አልነገሩኝም ኤዶ?»

«ሽቦው የመንግሥት ነው፣ ወንጀል ነው ብዬ።» በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺ ደግሞ ቀኑን በሙሉ ሳጥኑን ስታይ ነው የምትውል። ለቀበሌ ልትነግር ነው ብዬ ፈራኋት።»

«እኔም ስለሚደብቁ ነው ያየሁት» አልኩ።

ባለቤቴ አጭሩን ሽቦ ፈትቶ አወጣው። «ያንን የተንጠለጠለ ጫፍ በባዶ እጄ ልይዘው ነበር» አላቸው። «መሰላሉ ላይ ሆኜ። ብይዘው መልቀቅ አልችልም ነበር።»

ኤዶ ነገሩ ያኔ ነው የገባቸው። በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ «እኔ እኮ ለብርሃን ብዬ ነው» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አውቃለሁ አልኳቸው። በልቤ ግን ገና አላመንኳቸውም ነበር።

ባለቤቴ ያን ዕለት ሽቦውን ቀጠለ። ምሰሶው ላይ ከመውጣቱ በፊት የእህትየው ቤት ገብቶ ማብሪያውን ራሱ ሞከረ፤ ኤዶ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ሱቃቸውን ዘግተው ከምሰሶው ሥር ቆሙ። ለመሥሪያ ቤቱ ምን ብሎ እንደነገረ አልጠየቅሁትም። ጓደኛውም ያየውን ለሌላ አላወራም።

በማግሥቱ ኤዶ በግ ላኩልን። በሕይወቱ ነው የላኩት፤ የእነሱን እርድ እንደማንበላ ያውቃሉና እናንተው እረዱት ማለታቸው ነው። ፍልሰታ ስለነበር ጾሙን እስክንፈታ ድረስ በጉ በረንዳችን ላይ ታስሮ ሲጮህ ሰነበተ። ኤዶ ባለፉ ቁጥር «ይህ በግ ከእናንተ ጋር ጾመኛ ሆነ» ይላሉ። መካኒኩን ለማስጠራት ድሬዳዋ ሰው ልከው ነበር፤ አልመጣም። ለእህታቸው ማሾ ገዙላት።

ከዚያ በኋላ ከተማው በናፍጣ እጥረት መብራት ማጥፋቱ አልቀረም፤ ኤዶም ሞተራቸውን ማስነሣታቸው አልቀረም። እንዲህ መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ እዚያው ማዕዘን ላይ የላላ ሽቦ ሊያጠብቅ እንደሚወጣ ነግሮኝ ስለነበር የያዝኩትን የተማሪ ደብተር አስቀምጬ ወጣሁ። ሞተሩ ይንደቀደቃል። የሳጥኑን እጀታ አየሁት፤ ወደ ታች ነው። ከጀርባው አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ምንም የለም። መንገዱን ተሻገርኩ። እህትየው እንደምመጣ አውቃ ኖሮ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ጨለማ ነን፣ አትፍሪ» አለችኝ።

«አምንሻለሁ» አልኳት።

«እመኚኝ፤ ግን ግቢ» አለችና ከበሩ ዞር አለችልኝ።

ገባሁ። ሽማግሌውን ሰላም ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩት። አልበራም። ባለቤቴ መሰላሉን ምሰሶው ላይ ሲያስደግፍ ከውጪ ይሰማኛል። ደግሜ ተጫንኩት።